ጀርባዋን ለባሕር የሰጠች ደሴት

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ከኪንግስተን በስተ ምሥራቅ፣ ፔንላይን ካስል በምትባል የተራራ መንደር፣ ጥቂት መንገደኞች ሹራባቸውን ደርበው፣ የእጅ ባትሪያቸውን አብርተው ዳገቱን ይጀምራሉ። ጃማይካ ሲባል ነጭ አሸዋና የኮኮናት ዛፍ ብቻ የሚታየው ሰው በሹራቡ ይገረም ይሆናል። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ግን ብርዱ ይጠነክራል፣ ጭጋጉ ልብስ ያረጥባል፣ ዛፎቹም ቁመታቸው እያጠረ የዛፍ ሽበት ተከናንበው ይታያሉ። የጉዞው ግብ ብሉ ማውንቴን ፒክ የሚባለው የአገሪቱ ከፍተኛ ቦታ ነው፤ 2,256 ሜትር። ቁጥሩ ከአዲስ አበባ ከፍታ እንኳ ጥቂት ያንሳል። ልዩነቱ ይህ ተራራ ከባሕር ጠርዝ ተነስቶ በአጭር ርቀት ውስጥ ቀጥ ብሎ መውጣቱ ነው። ጎሕ ሲቀድ ሰማዩ ከጠራ በሰሜን በኩል፣ ከባሕሩ ማዶ፣ የኩባ ተራሮች እንደ ጥላ ብቅ ይላሉ።

ወደ ጃማይካ ከሚመጣው ጎብኚ አብዛኛው ይህን አያይም። ሞንቴጎ ቤይ ያርፋል፣ ምግቡም መጠጡም በአንድ ክፍያ ወደተጠቃለለበት የባሕር ዳር ሆቴል ይወሰዳል፣ ሳምንቱን ከአሸዋው ሳይርቅ ያሳልፋል፣ ይመለሳል። በዚህ የሚፈረድበት ሰው የለም፤ ባሕሩ በእርግጥ ውብ ነው። ደሴቲቱ ግን ጠቅላላ ስፋቷ 10,991 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኖ ግማሽ ያህሉ ከባሕር ጠለል ከ300 ሜትር በላይ ነው። የጥንት ነዋሪዎቿ ታይኖዎችም ስም ሲያወጡላት አሸዋዋን አላነሱም። ዛይማካ የሚለው ቃላቸው የእንጨትና የውሃ ምድር ማለት እንደሆነ ይነገራል።

ከዚህ በላይ ግን አንድ የታሪክ ምክንያት አለ። የጃማይካ ዳርቻ ለብዙ ዘመን የመርከብ ቦታ ነበር፤ ከአፍሪካ በሰንሰለት ታስረው የመጡ ሰዎች የወረዱበትና ስኳርና ሮም የተጫነበት። ነፃነት የፈለገ ሰው ዓይኑን ወደ ተራራው አነሳ። ከእርሻው ያመለጠው፣ ነፃ ወጥቶ የራሱን ቁራሽ መሬት የፈለገው፣ በራሱ ሃይማኖትና ሥርዓት መኖር ያሻው ሁሉ ሽቅብ ወጣ። ስለዚህ አገሪቱን አገር ያደረጋትን ነገር የሚፈልግ ጎብኚ ጀርባውን ለባሕሩ መስጠት አለበት። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ደግሞ እዚያ ላይ የሚያውቃቸውን ነገሮች ያገኛል፤ ቡና፣ ቤተ ክርስቲያን፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በተለየ ካልተገለጸ በቀር ቀናቱና ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኪንግስተን ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ከተማው ከኋላ እየራቀ፣ የመኪናው መስኮት እየቀዘቀዘ፣ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ኒውካስል የሚባል የጦር ሠፈር ይገኛል። መንገዱ በቀጥታ የወታደሮቹን የሰልፍ ሜዳ አቋርጦ ያልፋል፤ ሾፌሮች እዚያ ላይ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ሠፈሩ የተመሠረተው በ1841 ሲሆን ምክንያቱ ውጊያ አልነበረም። የእንግሊዝ ወታደሮች በቆላው በቢጫ ወባ እንደ ቅጠል ይረግፉ ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗን በዚያን ጊዜ ማንም አያውቅም። ጄኔራል ዊሊያም ጎም ግን ደጋ ላይ ያለ ወታደር እንደማይሞት በማየቱ ጦሩ ወደ ላይ እንዲወጣ ተሟገተ። ዛሬም ቦታው የጃማይካ መከላከያ ኃይል ማሠልጠኛ ነው።

ከኒውካስል በላይ ያለው ሆሊዌል የሚባለው ደን ነው። ዱካዎቹ አጫጭር ናቸው፣ ለልጅም ለሽማግሌም ይሆናሉ። ይህ ሁሉ የብሉ እና የጆን ክሮው ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አካል ሲሆን በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ለጃማይካ የመጀመሪያው ነበር። የተመዘገበውም በተፈጥሮው ብቻ ሳይሆን በባህሉም ጭምር ነው። በደኑ ውስጥ ከምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ቢራቢሮዎች ሁሉ ትልቁ ይኖራል። ክንፉ ሲዘረጋ የሰው መዳፍ ያክላል፤ ጥቁርና ቢጫ ሆኖ ከኋላ እንደ ጅራት የሚንጠለጠል ነገር አለው። በዓለም ላይ የቀረው በዚህ ተራራና በምዕራብ ባለው የኮክፒት ምድር ብቻ ነው። በሌላ አገር የማይገኙ ወደ 28 የሚጠጉ የወፍ ዝርያዎችም ጃማይካን ቤታቸው አድርገዋል። ከእነርሱ አንዷ ጅራቷ እንደ ሁለት ጥቁር ክር የሚረዝመው ‹ዶክተር በርድ› የምትባለው አበባ ቀሳሚ ወፍ ናት። የአገሪቱ ብሔራዊ ወፍም እርሷ ናት።

ከዚያ ቡናው ይጀምራል።

የብሉ ማውንቴን ቡና በዓለም ገበያ እጅግ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው። ዘሩ ግን ከየት መጣ ቢባል መንገዱ ረጅም ሆኖ መነሻው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ ነው። ከኢትዮጵያ ደን የወጣው አረቢካ በየመን ተተከለ፤ ከየመን በሆላንዶች እጅ ወደ ጃቫ፣ ከጃቫ ወደ አምስተርዳም የዕፅዋት ማሳደጊያ ተወሰደ። በ1714 ከአምስተርዳም አንድ ችግኝ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ተበረከተ። የዚያ ዘር በካሪቢያኗ ማርቲኒክ ደሴት በቀለ፤ በ1728 ደግሞ የጃማይካ ገዢ የነበሩት ሰር ኒኮላስ ሎውስ ወደ ደሴታቸው አስመጡት። ዛሬ በጃማይካ ተራሮች ላይ የሚለቀመው ቡና ‹ቲፒካ› የሚባለው የዚያ ትውልድ ነው።

ጣዕሙን የሚሠራው ጭጋጉ ነው ይላሉ ገበሬዎቹ። ደመናው ከቀትር በፊት ተራራውን ስለሚሸፍነው ፀሐይ ፍሬውን አታቻኩለውም፤ ቡናው ቀስ ብሎ ይበስላል፣ ፍሬውም ይጠነክራል። በስሙ ለመጠራት የሚፈቀደው በሕግ በተከለለው የተራራ ወሰን ውስጥ፣ ከ900 እስከ 1,700 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ላይ የበቀለ ብቻ ነው። ቁልቁለቱ እጅግ ገደላማ ስለሆነ በመኪና የሚለቅም የለም። ለቃሚው ቅርጫቱን ወገቡ ላይ አስሮ፣ አንድ እግሩን ከድንጋይ ሥር ቸንክሮ፣ ቀዩን እሸት ከአረንጓዴው እየለየ ይለቅማል። ታጥቦና ደርቆ የተዘጋጀው ቡና ወደ ውጭ የሚላከው በጆንያ ሳይሆን በእንጨት በርሜል ነው። አብዛኛው ለረጅም ዘመን የሄደው ወደ ጃፓን ነበር፤ በ1981 አንድ ትልቅ የጃፓን ቡና ኩባንያ ክሬይተን የሚባለውን የቆየ እርሻ ራሱ ገዝቷል። እርሻው ለጎብኚ ክፍት ነው፤ ችግኙን፣ አለቃቀሙን፣ ማድረቂያውን እያሳዩ በመጨረሻ በረንዳ ላይ ቡና ያቀርባሉ።

አንድ የሚያሳዝን ነገር ግን አለ። ይህን ሁሉ የሚያመርተው ሕዝብ ራሱ ቡና ጠጪ አይደለም። በጃማይካ ትኩስ መጠጥ ሁሉ ‹ሻይ› ይባላል፤ ኮኮው ‹የቸኮሌት ሻይ› ነው፣ ቡናውም ‹የቡና ሻይ›። ብዙ ቤት የሚፈላውም በውሃ የሚበጠበጥ የቆርቆሮ ቡና ነው፤ የተራራው ምርት ለዕለት ጉርስ አይመችም፣ ዋጋው አይቀመስም። የአምራቹ ልጅ የአባቱን ምርት ሳይቀምስ የሚያድግበት ጉዳይ ቡና አብቃይ አገሮች ሁሉ ሊነጋገሩበት የሚገባ ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ ቢያንስ በዚህ ይለያል፤ ቡናውን ቆልቶ፣ ጎረቤት ጠርቶ፣ እስከ በረካ ይጠጣል።

በተራራው ምሥራቃዊ ገጽ፣ ፖርትላንድ በተባለው አውራጃ፣ ደኑ ጥቅጥቅ ይላል። ዝናቡ አያቋርጥም። እዚህ ነበር ማሩኖች የገቡት።

ማሩን የሚባሉት ከባርነት ያመለጡ አፍሪካውያንና ዘሮቻቸው ናቸው። እንግሊዞች በ1655 ደሴቲቱን ከእስፓኞች ሲነጥቁ በግርግሩ ብዙዎች ወደ ተራራ ሸሹ፤ ከዚያ በኋላም ከየእርሻው ያመለጠ ይቀላቀላቸው ነበር። ጦር ተልኮባቸው በደን ሽምቅ አሸንፈው መለሱት። መልእክታቸውን የሚያስተላልፉት አቤንግ በሚባል ከከብት ቀንድ በተሠራ ጥሩንባ ነው፤ በሕዝብ ዘንድ ድምፁ ከሸለቆ ሸለቆ እየተቀባበለ የእንግሊዝ ወታደር ገና ሲነሳ ወሬው ቀድሞት ይደርስ እንደነበር ይነገራል። የምሥራቁ ማሩኖች መሪ ናኒ የምትባል ሴት ነበረች። በስሟ የተጠራችው የተራራ ከተማ በ1734 በእንግሊዞች ወደመች፤ ሕዝቧ ግን አልተበተነም። ናኒ ዛሬ ከጃማይካ ሰባት ብሔራዊ ጀግኖች መካከል ብቸኛዋ ሴት ናት፤ ምስሏም በ500 ዶላር ኖት ላይ ታትሟል። ሙር ታውን በተባለችው መንደር መታሰቢያዋ ይገኛል። የዚያ መንደር ማሩኖች ሙዚቃ፣ የከበሮ ሥርዓትና ቋንቋ በ2003 በዩኔስኮ ከሰው ልጅ የቃል ቅርሶች ተቆጥሯል።

ፖርትላንድ ሌላም ነገር አላት። ሪዮ ግራንዴ የተባለው ወንዝ ከተራራው ወደ ባሕር ሲወርድ ጎብኚ በቀርከሃ ታንኳ ይንሳፈፍበታል። የጣናን ታንኳ ያየ ሰው ቅርፁን አይስተውም፤ ቀጭንና ረጅም ነው፣ ቀዛፊው ከፊት ቆሞ በዘንግ ይገፋዋል፣ ሁለት ሰው ከኋላ ይቀመጣል። በፊት የሚጫንበት ሙዝ ነበር፤ ገበሬዎች ምርታቸውን ወደ ወደብ ያወርዱበታል። የሆሊውዱ ተዋናይ ኤሮል ፍሊን በ1940ዎቹ ወደ አካባቢው መጥቶ ሲቀመጥ ታንኳውን ለመዝናኛ አደረገው፣ ሌሎችም ተከተሉት። ጉዞው ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ይወስዳል። በመንገድ ላይ ሴቶች ከወንዙ ዳር እሳት አንድደው ምግብ ይሸጣሉ።

ምግቡ ራሱ ታሪክ ነው። ‹ጀርክ› የሚባለው የጃማይካ ጥብስ ከማሩኖች የመጣ ነው። የዱር አሳማ አድነው፣ በፒሜንቶ ፍሬና በሚያቃጥለው ስኮች ቦኔት ቃሪያ አሽተው፣ ጭሱ ጠላት እንዳይጠራ መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ቀስ አድርገው ያበስሉት ነበር። ፒሜንቶ የደሴቲቱ የራሷ ዛፍ ነው፤ ፍሬው ቁንዶ በርበሬ ይመስላል፣ ሽታው ግን ቅርንፉድንም ቀረፋንም ያስታውሳል። ምርጥ ጀርክ የሚባለው በፒሜንቶ እንጨት ጭስ የበሰለው ነው፤ ቦስተን ቤይ የሚባለው የፖርትላንድ ሠፈር በዚህ ስሙ የታወቀ ነው።

የጠዋቱ ቁርስ ደግሞ አኪና የጨው ዓሣ ነው። አኪ ቀይ ልጣጭ ያለው ፍሬ ሆኖ ከምዕራብ አፍሪካ በባሪያ መርከብ የመጣ ነው። ዛፉ ላይ እያለ በራሱ ጊዜ ተፈንድቶ ካልተከፈተ መርዝ አለው፤ ልጅ ሁሉ ይህን ሳያውቅ አያድግም። የጨው ዓሣው ደግሞ ከሰሜን አትላንቲክ ባሕር የተጠመደ ኮድ ሆኖ ለባሮች ርካሽ ቀለብ እንዲሆን በጨው ተዘፍዝፎ ይመጣ የነበረ ነው። ለግፍ የመጡ ሁለት ነገሮች በአንድ መጥበሻ ተገናኝተው ዛሬ የአገሪቱ ብሔራዊ ምግብ ናቸው።

በደሴቲቱ ምዕራብ፣ ከሞንቴጎ ቤይ ሆቴሎች ጀርባ፣ ኮክፒት ካንትሪ የሚባል አገር አለ። ከአየር ላይ ሲታይ የእንቁላል መያዣ ይመስላል፤ ሾጣጣ ኮረብታዎችና በመካከላቸው ያሉ ጥልቅ ጎድጓዶች ተደርድረዋል። ዓለቱ ኖራ ድንጋይ ነው፤ ዝናቡ በሚሊዮን ዓመታት ቦርቡሮታል። የሚወርደው ውሃ በላይ አይፈስስም፤ ሰርጎ በዋሻ ውስጥ ሄዶ በሩቅ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። የምዕራብ ጃማይካ ታላላቅ ወንዞች ውሃቸውን የሚያገኙት ከዚህ ነው። ስለዚህም የአሉሚኒየም ጥሬ ዕቃ የሆነው ቦክሳይት በአካባቢው ይቆፈር አይቆፈር የሚለው ክርክር ለዓመታት አልበረደም። መንግሥት በ2017 ጥብቅ ወሰን ከልሎለታል፤ የአካባቢው ሰዎች ግን ወሰኑ ጠበበ ይላሉ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ላየ ሰው ሥጋታቸው በቂ ምክንያት አለው።

በዚህ አስቸጋሪ ምድር ውስጥ የእንግሊዝ ወታደር ከየጎድጓዱ ለሚመጣበት ጥቃት ሁልጊዜ ዞር እያለ ኋላውን ያይ ስለነበር አካባቢው እስከ ዛሬ ‹የኋልዮሽ ማያ ምድር› ይባላል። አንድ ቦታ ደግሞ ትርጉሙ ‹አልላክሁብህም፣ አትምጣብኝ› የሆነ ስም አለው። አኮምፖንግ የምትባለው የማሩን መንደር እዚህ ናት። የምዕራቡ ማሩኖች መሪ ኩጆ በ1739 ከእንግሊዞች ጋር ውል ተፈራርሞ ለሕዝቡ ነፃነትና መሬት አስገኘ። ይህ የሆነው በጃማይካ ባርነት ከመቅረቱ 100 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። በየዓመቱ ጥር 6 ቀን ከሩቅም ከቅርብም የመጡ ሰዎች ኪንዳ በሚባለው ትልቅ የማንጎ ዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ፤ አቤንግ ይነፋል፣ ከበሮ ይመታል፣ አሳማ ታርዶ ያለ ጨው ይበስላል። መንደሩን ዛሬም የሚመራው በነዋሪው የሚመረጥ ‹ኮሎኔል› ነው።

ውሉ ግን ሌላ ገጽ ነበረው፤ ያን መደበቅ ማሩኖችንም አያከብርም። ከዚያ በኋላ ከእርሻ የሚያመልጥ ባሪያ ወደ እነርሱ ቢመጣ ይዘው ሊመልሱት ቃል ገብተዋል። በ1865 ፖል ቦግል የተባለው ዲያቆን በሞራንት ቤይ ድሆችን አስነስቶ ሲያምፅ፣ ይዘው ለእንግሊዝ አሳልፈው የሰጡት ማሩኖች ነበሩ። ቦግልም ናኒም ዛሬ ብሔራዊ ጀግኖች ናቸው። አገሪቱ ሁለቱንም በአንድ መዝገብ መያዝ ችላለች።

ከኮክፒት ሰሜናዊ ጠርዝ፣ በትሬሎኒ አውራጃ፣ ሸርዉድ ኮንተንት የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ዩሴን ቦልት በ1986 የተወለደው እዚህ ነው። በቤጂንግ በ2008 መቶ ሜትርን በ9.69 ሰከንድ ሲሮጥ አባቱ ምስጢሩ የትሬሎኒ ያም ነው ብለው ነበር፤ ያም ማለት በአካባቢው ቀይ አፈር የሚበቅል ሥራ ሥር ነው። የሯጮቹን ከተማ በቆጂን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ መንደሯን ሲያይ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ይህን ምዕራባዊ አገር ለመጎብኘት የሚያስብ ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት። በጥቅምት 2025 መጨረሻ ሜሊሳ የተባለው አውሎ ነፋስ፣ በጃማይካ ምድር ላይ ካረፉት ሁሉ ብርቱው፣ በዚህ በኩል አልፏል። ብላክ ሪቨር የተባለችው የወንዝ ዳር ከተማ፣ ጎብኚዎች በጀልባ አዞ ለማየት የሚነሱባት፣ ክፉኛ ፈርሳለች። ቤት መሥራቱና ዛፍ መትከሉ ጊዜ ይወስዳል። የባሕር ዳር ሆቴሎች ቶሎ ይጠገናሉ፤ በኮረብታ መንደር ቁርስ የሚሸጡት፣ መንገድ የሚመሩት፣ ታንኳ የሚገፉት ሰዎች ግን የሚተማመኑት ወደ ውስጥ ዘልቆ በሚመጣ እንግዳ ላይ ነው።

ወደ ኪንግስተን ስንመለስ ከከተማዋ በላይ፣ በሴንት ካትሪን ኮረብታዎች፣ ሁለት ጎረቤታም ቦታዎች አሉ። አንዷ ስላይጎቪል ናት። ባርነት ሊቀር ሲል በ1835 አንድ የባፕቲስት ሰባኪ መሬት ገዝቶ ለነፃ ወጪዎች ያከፋፈለባት የመጀመሪያዋ ነፃ መንደር ናት። ሙሉው ነፃነት በ1838 ሲታወጅ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች የሸንኮራ እርሻውን ትተው እንዲህ ወዳሉ ኮረብታዎች ወጡ። ሌላዋ ፒናክል ናት። ሊዮናርድ ሃወል የተባለው ሰው በ1940 ተከታዮቹን ይዞ የሠፈረባት የመጀመሪያዋ የራስ ተፈሪያን መኖሪያ ናት። ሃወል ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን በኋላ በ1933 የንጉሠ ነገሥቱን ሥዕል ይዞ መስበክ የጀመረ ነው። ፖሊስ ደጋግሞ ወረረው፣ ሠፈሩ ተቃጠለ፣ እርሱም ታሰረ። ሐሳቡ ግን ወደ ከተማው ወርዶ በድሆች ሠፈር ሥር ሰደደ።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ አውሮፕላን ኪንግስተን ሲያርፍ 100,000 ያህል ሰው እንደነበረ ይገመታል። ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበ። የክብር ዘቡ ሰልፍ ፈረሰ፣ ቀይ ምንጣፉ ተረሳ፣ ንጉሠ ነገሥቱም መውጣት አልቻሉም። በመጨረሻ ሞርቲመር ፕላኖ የተባለው የራስ ተፈሪያን ሽማግሌ ደረጃውን ወጥቶ፣ ሕዝቡን አረጋግቶ፣ መንገድ አስከፈተላቸው። እስከዚያች ቀን ድረስ በየመንገዱ ይደበደብ የነበረ ሰው በዚያ ቀን የአገሩን መንግሥት እንግዳ ያወረደ ሆነ። ራስ ተፈሪያን ቀኑን ዛሬም ያከብሩታል። ጉብኝቱን ተከትሎም ለውጥ መጣ፤ በ1970 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በኪንግስተን ተመሠረተች። ያቋቋሟት መምህር ላእከ ማንደፍሮ፣ በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት ናቸው። አቡኑ ጥምቀት በሥላሴ ስም እንጂ በንጉሥ ስም እንደማይሰጥ እያስተማሩ ብዙዎችን አጠመቁ።

ሙዚቃው ከዚህ ሁሉ ጋር ተጋምዶ የተሠራ ነው። ኪንግስተን በ2015 በዩኔስኮ የሙዚቃ ከተማ ተብላለች፤ ሬጌም በ2018 በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለማየት የሚሻ ሰው ትሬንች ታውንን በአካባቢው አስጎብኚ ታጅቦ ቢዞር ይሻላል፤ የቦብ ማርሌይ የወጣትነት ግቢ አሁን ትንሽ ሙዚየም ነው፣ ማርሌይ ጊታር የተማረበት ጠባብ ክፍል ይታያል። በ1880 የተቋቋመው አልፋ የተባለው የድሆች ልጆች ትምህርት ቤት የጃማይካን ታላላቅ የጥሩንባና የትሮምቦን ተጫዋቾች አፍርቷል። ስቱዲዮ ዋን በተባለው የሙዚቃ ቤት በ1969 ‹አቢሲኒያንስ› የተባሉ ሦስት ድምፃውያን ‹ሰታ ማሳጋና› የተሰኘ ዘፈን ቀረጹ። ‹ሰጠ› እና ‹ምስጋና› የሚሉት ቃላት ናቸው። ልጆቹ አማርኛን ከመጽሐፍ እያነበቡ ይማሩ ነበር፤ የተማሩትን ቃላት አገናኝተው ዘፈን አደረጉት። የሰዋስው ስሕተቱን አማርኛ ተናጋሪ ወዲያው ይሰማዋል፤ ከስሕተቱ ይልቅ ግን ባላዩት አገር ቋንቋ ለመጸለይ የጣሩበት ናፍቆት ነው የሚነካው።

ይህ ናፍቆት በኢትዮጵያም በኩል መልስ አግኝቷል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1948 ሻሸመኔ ላይ አምስት ጋሻ መሬት ለአፍሪካ ልጆች ሰጥተዋል፤ ከጃማይካ የመጡ ቤተሰቦችም ትውልድ ተክለውበታል። ከሻሸመኔ መንገድ ዳር የሚታየው ቀለም በስላይጎቪልና በፒናክል ኮረብታ ላይ ከተነሳው ምኞት የመጣ ነው።

ከኪንግስተን ሳይወጡ አንድ ቦታ ከባሕር ዳር ብትሆንም መዝለል አይገባም። ፖርት ሮያል በ17ኛው ክፍለ ዘመን የባሕር ወንበዴዎችና ነጋዴዎች ከተማ ሆና እንግሊዞች በካሪቢያን ከነበራቸው ሁሉ ባለጠጋዋ ነበረች። ሰኔ 7 ቀን 1692 ረፋድ ላይ መሬት ተናወጠ፤ ከተማዋ የተሠራችበት አሸዋ እንደ ገንፎ ቀልጦ ሁለት ሦስተኛዋ ወደ ባሕር ሰመጠ። 2,000 ያህል ሰው በዚያች ሰዓት አለቀ። ከባሕር ወለል የወጣ አንድ የኪስ ሰዓት 5 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ላይ ቆሞ ተገኝቷል። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሌዊስ ጋልዲ መቃብር አለ፤ በጽሑፉ መሠረት ሰውየውን መሬት ከዋጠችው በኋላ ሁለተኛው መናወጥ ወደ ባሕር ተፋው፤ ከዚያም ዋኝቶ ድኖ ብዙ ዓመት ኖረ። ከተማዋ በ2025 የዓለም ቅርስ ሆናለች።

የመጨረሻው መንገድ እንደገና ሽቅብ ይወስዳል፤ ወደ ሴንት አን አውራጃ። በዚህ አውራጃ ባሕር ዳር ሴንት አንስ ቤይ በተባለችው ከተማ በ1887 ማርከስ ጋርቬይ ተወልዷል፤ የአፍሪካ ልጆች ፊታቸውን ወደ አፍሪካ እንዲያዞሩ ያስተማረው፣ ከጃማይካ ብሔራዊ ጀግኖች የመጀመሪያው። ከዚያ መንገዱ እየጠበበ፣ በያም ማሳና በቀይ አፈር መካከል እየተጠማዘዘ ናይን ማይል ይደርሳል። ቦብ ማርሌይ በ1945 የተወለደባት፣ አያቱ ገበሬ ሆነው የኖሩባት መንደር ናት። ግንቦት 1981 ማያሚ ውስጥ አረፈ። ከመሞቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በአቡነ ይስሐቅ እጅ ተጠምቆ ነበር። በኪንግስተን ትልቁ አዳራሽ በተደረገው ጸሎት አቡኑ መሪ ነበሩ፤ ግእዝና አማርኛም ተሰማ። አስከሬኑ በመኪና ታጅቦ ከከተማው ወጥቶ፣ ሕዝብ በየመንገዱ ዳር ቆሞ እየተሰናበተው፣ ተራራውን አቋርጦ እስከዚህ ኮረብታ ድረስ ወጣ።

መቃብሩ ከተወለደበት ትንሽ ቤት አጠገብ ያለ ጠባብ የጸሎት ቤት ውስጥ ነው። ጎብኚዎች ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ። የጥምቀት ስሙ ብርሃነ ሥላሴ ነው።